ለማዳመጥ የሚሆን አንድ የሳምንት መጨረሻ

በተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



ኮሚቴው «ሃያ ደቂቃ አለህ፤ ደስ ያለህን ተናገር» ሲለኝ ብዙዎቻችሁ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል እንደማወራ ገምታችኋል። ልክ ናችሁ፣ ሥራዬ እሱ ነው። ዛሬ ግን የማወራው ስለ ሙዚቃ ነው፤ ያውም ስለማይጨፈርበት ሙዚቃ። ከኋላ የተቀመጣችሁ የክፍል ጓደኞቼ ስትሳሳቁ ይታየኛል። ግድ የለም፣ ትንሽ ታገሡኝ።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁና መጨረሻ ላይ ተነጋገሩበት። በዓመት አንድ ጊዜ፣ እዚሁ አዳማ፣ በዩኒቨርሲቲያችን ግቢ፣ ከዓርብ ማታ እስከ እሁድ ከሰዓት የሚቆይ የሙዚቃ በዓል እናዘጋጅ ነው የምለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የተደረሰ፣ ቁጭ ተብሎ፣ ጸጥ ተብሎ የሚደመጥ ሙዚቃ ብቻ የሚቀርብበት። «የተመስጦ ሙዚቃ» ብንለው ያስኬዳል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?

በውጭው ዓለም ብጀምር ይሻላል፤ ወደ ቤታችን የምመለሰው በዚያ በኩል ነው። በጥር 1941 በጀርመን የጦር ምርኮኞች ካምፕ ውስጥ አንድ ፈረንሳዊ ምርኮኛ ነበር፤ ኦሊቪዬ ሜሲያን ይባላል። ካምፑ ውስጥ የተገኙት ሙዚቀኞች አንድ የቫዮሊን፣ አንድ የክላሪኔት፣ አንድ የቼሎ ተጫዋች ነበሩ፤ እሱ ራሱ ፒያኖ ይጫወታል። ለእነዚህ ለአራቱ «ስለ ዘመን ፍጻሜ» የሚል ድርሰት ጻፈና በዚያ ብርድ ለምርኮኞቹና ለጠባቂዎቹ አብረው ተጫወቱት። ምርኮኛውም ጠባቂውም በአንድ ቤት ተቀምጠው ሰሙ። ከዚያ ወዲህ የመጣው የተመስጦ ሙዚቃ ብዙው የዚህ ዘመድ ነው። ሰው ብዙ ጩኸት ከሰማ በኋላ የሚጽፈው ሙዚቃ ነው።

ፖላንዳዊው ሄንሪክ ጉሬትስኪ በ1976 የደረሰው ሦስተኛ ሲምፎኒ አለ። አንዱ ክፍል ውስጥ የሚዘመረው ቃል አንዲት የ18 ዓመት ልጅ በጌስታፖ እስር ቤት ግድግዳ ላይ የጻፈችው ጸሎት ነው። በዝግታ፣ በዝግታ የሚሄድ ሙዚቃ ነው፤ በ1992 የወጣው ሸክላው ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ኢስቶኒያዊው አርቮ ፔርት በዚያው በ1976 ለፒያኖ የጻፈው «ፉር አሊና» ሁለት ገጽ ብቻ ነው፤ በጣት የሚቆጠሩ ድምፆች ናቸው። አሜሪካዊው ጆን ኬጅ ደግሞ በ1952 ፒያኖ ተጫዋቹን አራት ደቂቃ ከሠላሳ ሦስት ሰከንድ ምንም ሳይነካ አስቀመጠውና ሰዉ የራሱን አዳራሽ እንዲሰማ አደረገ። ወንበር ሲንቋቋ፣ ዝናብ ሲጥል፣ ሰው ሲያስል፤ ሙዚቃው እሱ ነበር። የሞርተን ፌልድማን ሁለተኛው የአውታር ኳርቴት ደግሞ ያለ ዕረፍት ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። «ስድስት ሰዓት!» ብላችሁ አትደንግጡ። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ለሚቆም አገር ስድስት ሰዓት ብርቅ አይደለም።

አሁን ለእኛ ለመሐንዲሶቹ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ሐሊም ኤል ዳብ የሚባል ግብፃዊ ነበር። በ1944 ካይሮ ውስጥ በብረት ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ ሴቶች የዛር ሥርዓት ሲያካሂዱ ቀዳቸው። ከዚያ ሬዲዮ ጣቢያ ገብቶ የድምፁን መነሻ እየቆረጠ፣ ማሚቶ እየጨመረ፣ የሰው ድምፅ ሰው እስከማይመስል ድረስ ሠራው። ዓለም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሙዚቃ መሥራትን የሚያስታውሰው በ1948 ፓሪስ ሬዲዮ ውስጥ በፒዬር ሼፈር ነው፤ ካይሮ ግን በአራት ዓመት ቀድማ ነበር። ዛር ደግሞ እኛ ዘንድ ምን ያህል ሥር እንዳለው አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

ይህ ሰው በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963 ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦች የመጡ የባህል ሙዚቃ ተጫዋቾችን ሰብስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ከዚያ በፊት ክራሩ ከክራር፣ እምቢልታው ከእምቢልታ ጋር በየአገሩ ነበር የሚጫወተው። እነዚህን በአንድ መድረክ ላይ ያስቀመጠ ሥራ ከዩኒቨርሲቲ አካባቢ ነው የተነሣው። እንግዲህ «ሙዚቃና ቴክኖሎጂ ምን አገናኛቸው?» የሚለኝ ካለ መልሴ ይህ ነው፤ ድሮውንም ተገናኝተዋል፣ ያገናኛቸውም ሬዲዮ ጣቢያና ዩኒቨርሲቲ ነው።

የእኛው ሰዎች

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ስማቸውን የሰማ እጁን ያውጣ። ጥሩ፣ ብዙ ነው። ፒያኖ ሲጫወቱ በስልክ የሰማ? ደኅና። ድርሰታቸውን በአዳራሽ፣ ሰው ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ሲጫወተው የሰማ? … አምስት። አመሰግናለሁ፣ አውርዱ።

እማሆይ በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የልጅነት ስማቸው የውብዳር ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር፣ በኋላ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ከሆኑት ጋር ማለት ነው፣ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ከሙዚቃ ጋር የተዋወቁት እዚያ ነው። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ቤተሰቡ በግዞት ወደ አሲናራ ደሴት ተወሰደ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። ቀጥሎ ለንደን በሚገኘው በሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ የመማር ዕድል መጣላቸው፤ ሳይፈቀድላቸው ቀረ።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚታጠፈው። ሌላ ሰው ቢሆን ያዝንና ይረሳው ነበር፤ ወይም ሲያማርር ይኖራል። እሳቸው በ19 ዓመታቸው ወደ ወሎ፣ ወደ ግሸን ማርያም ሄዱና በ21 ዓመታቸው መነኮሱ። በዚያ አምባ ላይ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ፒያኖ የለም። በኋላ ጎንደር በነበሩበት ጊዜ የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚማሩትን የአብነት ተማሪዎች አዩ፤ ቀን ለምነው ይበላሉ፣ ማታ በየደጁ ያድራሉ። የመጀመሪያ ሸክላቸውን ጀርመን አገር ያስቀረጹት ለእነዚያ ልጆች መርጃ ነው።

ሙዚቃቸው ምን ይመስላል? ግራ እጃቸው የአውሮፓ ፒያኖ እንደተማረ ሰው ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ ቀኝ እጃቸው ግን በእኛ ቅኝት ያንጎራጉራል። ጊዜውን አይቆጥሩትም፤ መሪጌታ ዜማ ሲመራ ትንፋሹ እንደሚወስደው ሁሉ ይዘገያሉ፣ ይፈጥናሉ፣ ይቆማሉ። እኔ እዚያ ማዶ ካሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አካባቢ ስሠራ፣ ማታ ሥራ ሲያልቅ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ እሰማቸው ነበር። አንድ ቀን ሾፌራችን፣ የጅማ ልጅ ነው፣ «ይህቺ ሴትዮ ማንን ነው የምታነጋግረው?» አለኝ። ከዚያ የተሻለ የሙዚቃ ትችት እስከ ዛሬ አላነበብኩም።

በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ በደብረ ገነት ገዳም አንዲት ክፍልና አንድ ፒያኖ ነበራቸው። በ2006 «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ 21ኛ ዲስክ የእሳቸውን ሥራ ብቻ ይዞ ወጣ፤ ዓለምም ያን ጊዜ ሰማቸው። በ2020 «ታይም» በተባለው ዘጋቢ ፊልም፣ በ2021 ደግሞ «ፓሲንግ» በተባለው ፊልም ውስጥ ሙዚቃቸው አለ። በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

ብቻቸውን አይደሉም። አሸናፊ ከበደ አለ፤ አሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ መጥቶ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሆነው። «እረኛው ባለዋሽንት» ብሎ ለኦርኬስትራ የደረሰው ሥራ ርእሱ ራሱ የሚናገር ነው፤ ሜዳ ላይ ብቻውን የሚያንጎራጉር ልጅ በሙሉ ኦርኬስትራ ውስጥ ይታያል። ሌላው ሥራው «ኮቱሬዥያ» የጃፓኑን ባለ አውታር መሣሪያ ኮቶን ከምዕራብ መሣሪያዎች ጋር ያስቀምጣል። አሸናፊ በኋላ አሜሪካ ኖሮ፣ እዚያው አስተምሮ፣ በ1998 ዐረፈ።

ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ በሕይወት ያለ፣ ዛሬም የሚጫወት ሰው ነው። ያሬድ ትምህርት ቤት ጀምሮ ቡልጋሪያ ሶፊያ የተማረ ፒያኒስት ነው። «አምባሰል»ን፣ «ሰመመን»ን፣ «እልልታ»ን በፒያኖ ሲጫወት፣ ጭፈራ የምናውቀው ዜማ ቁጭ ብሎ ሲያስብ እንሰማዋለን። ለሾፓን የሚሰጠውን ጥንቃቄ ለአምባሰል ይሰጠዋል።

ልብ በሉልኝ፤ ይህን ሙዚቃ ከውጭ ማስመጣት የለብንም። ከውጭ የሚመጣው ፔርትና ሜሲያን ነው፤ ቤታችን ያለውን አጅቦ ይቀመጣል እንጂ አይተካውም። ችግሩ ሌላ ነው። የእማሆይን ሙዚቃ የውጭ ሰው ትኬት ቆርጦ አዳራሽ ገብቶ ይሰማዋል፤ የእኛ ተማሪ ግን በስልኩ፣ ያውም ካጋጠመው፣ አንድ ጆሮ ሰክቶ፣ ባጃጅ ውስጥ ይሰማዋል። አራትና አምስት ዓመት እዚህ ግቢ ተምሮ አንድም ቀን ያልተጎላ ፒያኖ ሳይሰማ፣ በገና ከቅርብ ሳይሰማ ይመረቃል። ካልኩሉስ ሳናስተምር አንመርቅም። ማዳመጥንስ?

ለምን አዳማ? ለምንስ አሁን?

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። በ2014 ፈጣኑ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ባሰባት። ሆቴሎቻችን በየሳምንቱ በወርክሾፕ ይሞላሉ፤ ሰው ይመጣል፣ ይናገራል፣ አበሉን ይቀበላል፣ ይሄዳል። ለመናገር የሚመጣ ሰው ሞልቶናል። ለማዳመጥ የሚመጣ ሰው ነው የጎደለን። አዳራሽ አለ፣ አልጋ አለ፣ መንገድ አለ፤ ይህን ሁሉ አንድ የሳምንት መጨረሻ ለሌላ ነገር ብንጠቀምበት ምን ይለናል?

ሁለተኛ፣ ይህ ሸለቆ ባዶ አይደለም። ዝዋይ ሐይቅ ላይ፣ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ደብረ ጽዮን አለች፤ የዛይ ሰዎች በጀልባ የሚመላለሱባት፣ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት የተጠበቁባት። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ሻሸመኔ ላይ የራስታዎቹ የናያቢንጊ ከበሮ አለ፤ በልብ ትርታ ልክ፣ ቀስ ብሎ፣ ለሰዓታት የሚመታ። ከአርሲ አልፎ ባሌ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዙት ተሳላሚዎች ውዳሴ አለ፤ የመንዙማው ነገርማ የታወቀ ነው። ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ በኢሬቻ የሚዘመረውን ምስጋና ታውቁታላችሁ። ይህ ሁሉ ከአዳማ የአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ነው። «ይህ የአንድ ሃይማኖት ነገር እንዳይሆን» ለሚሉኝ መልሴ እዚህ አለ። በገናውም መንዙማውም ናያቢንጊውም ፒያኖውም የየራሳቸውን ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ፤ ማንም ማንን አይቀላቅልም፣ ማንም ማንን አይሰብክም።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። «ከጦርነት በኋላ የተደረሰ ሙዚቃ» ስል ለአውሮፓውያን ታሪክ ነው። ለእኛ አይደለም። በኅዳር 2022 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈርሟል፤ ከዚያ ወዲህም በአገራችን በየቦታው ተኩሱ አላባራም። ዛሬ እዚህ ግቢ ከሚማሩት ልጆች መካከል ወንድሙን ያጣ አለ። ትምህርት ቤቱ ተቃጥሎበት ሁለት ዓመት የባከነ አለ። ዶርም ውስጥ ከላይ አልጋ የተኛው ልጅ ቤተሰብና ከታች የተኛው ልጅ ቤተሰብ በሁለት ወገን የቆሙበት አለ። መምህራን፣ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ክፍል ውስጥ ስለ እነዚህ ነገሮች ሲነሣ ወይ ጭቅጭቅ ነው፣ ወይ ዝምታ ነው። ዝምታውም ጥሩ ዝምታ አይደለም፤ የመፈራራት ዝምታ ነው።

ሙዚቃ ሰላም ያመጣል አልልም። እንዲህ ብሎ የሚሰብክ ሰው አይተናል፣ ዘፈኑም ብዙ ነው። እኔ የምለው ከዚያ ያነሰ ነገር ነው። ሦስት መቶ ልጆች በአንድ አዳራሽ አንድ ሰዓት ተቀምጠው፣ ማንም ማንንም ለማሳመን ሳይሞክር፣ ማንም መፈክር ሳያሰማ፣ በገና ሲደረደር አብረው ዝም ቢሉ፣ ያ ዝምታ ሌላ ዓይነት ነው። ለቅሶ ቤት እንደምንቀመጠው ያለ ነው። እኛ እኮ ለቅሶ ቤት መቀመጥ እናውቅበታለን። ምንም አይባልም፤ መጥተህ ትቀመጣለህ፣ መምጣትህ ራሱ ንግግር ነው። እነዚህ ልጆች አብረው የሚቀመጡበት እንዲህ ያለ ቦታ አላገኙም። ሜሲያን ያንን ምርኮኛና ያንን ጠባቂ አላስታረቃቸውም፤ አንድ ነገር አብረው ሰሙ። እኔም የምመኘው ያን ያህል ነው።

ምን ያስፈልገናል?

ወደ ሥራው ልግባ፤ ኢንጂነር ነኝና ዝርዝር ካላወራሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አንደኛው ፒያኖ ነው። ፒያኖ 88 ቁልፍና ከ200 በላይ ሽቦ አለው፤ ሽቦዎቹ ተደማምረው የሚስቡት ጉልበት ከ15 ቶን ያልፋል። ያን የሚሸከመው ውስጡ ያለው የብረት ማዕቀፍ ነው፤ ድምፁን የሚያወጣው ግን ስስ እንጨት ነው፣ እንጨት ደግሞ ሙቀትና ድርቀት ይሰማዋል። አዳማን ታውቋታላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ እንግዛ አልልም። ከአዲስ አበባ በኪራይ እናምጣ። ሐሙስ ይግባ፣ አዳራሹን ይልመድ፣ ዓርብ ቀን መቃኛ ባለሙያ ይቃኘው፣ ቅዳሜ ጠዋት እንደገና ይየው። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ነገሩ ከጸና ያን ጊዜ ስለ መግዛት እንነጋገር።

ሁለተኛው አዳራሹ ነው። ለንግግር የሚሆን አዳራሽ ድምፅ ከአንድ ሰከንድ ገደማ በላይ እንዲያስተጋባ አይፈለግም፤ ፒያኖ ደግሞ ከዚያ ትንሽ ረዘም ቢል ይወዳል። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ብቻ የሆነ ቤት ግን ሁለቱንም ያበላሻል። ይህ ለተማሪዎቻችን ጥሩ የመመረቂያ ፕሮጀክት ነው። ማጨብጨብ፣ መለካት፣ መጋረጃና ምንጣፍ የት ቢሰቀል እንደሚሻል ማስላት። ከቸገረ ጋቢ እንሰቅላለን፤ እውነቴን ነው፣ ጋቢ ጥሩ ድምፅ መጣጭ ነው። የቆርቆሮ ጣራ ስላለ ክረምቱን እንተወው፤ በበጋው ይሁን።

ሦስተኛው መብራት ነው። ይህን ሙዚቃ ለመብራት ኃይል ሰዎች ስሉ የመረጥኩት የሚመስለው ካለ አልተሳሳተም። ፒያኖ መብራት አይፈልግም። በገናም አይፈልግም። አሥሩ አውታሮቹ ሥር የሚገቡት የቆዳ ቁርጥራጮች፣ እንዚራ የምንላቸው፣ ያን የሚያንዘረዝረውን ድምፅ ያወጡታል፤ ድምፅ ማጉያው እዚያው ተሠርቶ መጥቷል። መብራት ቢጠፋ ሻማ እናበራለን። ጄኔሬተር ግን አይነሣም፤ ይህን በሕገ ደንቡ እንጻፈው።

አራተኛው ፕሮግራሙ ነው። ዓርብ ማታ በገና ብቻ፤ አንድ ሰዓት ተኩል። ቅዳሜ ጠዋት ስለምንሰማው ነገር ከመምህራን ጋር ውይይት፤ ታሪክ ያስተማረም፣ አኩስቲክስ የሚያውቅም ይናገራል። ቅዳሜ ከሰዓት በውጭ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ የመንዙማና የናያቢንጊ ሰዎች በየተራቸው። ቅዳሜ ማታ ፒያኖ፤ ግማሹ የእማሆይና የአሸናፊ፣ ግማሹ የፔርትና የመሰሎቹ። እሁድ ጠዋት ለየእምነቱ ይተው። እሁድ ከሰዓት የተማሪዎቻችን የራሳቸው ሥራ፤ ሐሊም ኤል ዳብ በሽቦ የሠራውን እነሱ በኮምፒውተር ይሥሩት። የዝዋይን ነፋስ፣ የአሮጌውን ባቡር ጣቢያ ድምፅ፣ የገበያውን ጫጫታ ቀድተው ያምጡልን። ከዚያ ቡና፣ ከዚያ ወደየቤት።

ደንቡም ትንሽ ነው። በሰዓቱ ይጀመራል፤ የዘገየ ሰው እስከ ዕረፍት ውጭ ይቆያል፣ ሚኒስትርም ቢሆን። ስልክ ይዘጋል። የክብር እንግዳ ንግግር የለም። የሙዚቃው ድምፅ ከጠፋ በኋላ ትንሽ እንቆይና እናጨበጭባለን፤ ያቺ ትንሽ ቆይታ የሙዚቃው አካል ናት።

ገንዘቡስ? ለመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልገው የፒያኖ ኪራይና ማጓጓዣ፣ የመቃኛ ባለሙያ፣ የሙዚቀኞቹ ክፍያና ማረፊያ፣ ሻይ ቡና ነው። ሙዚቀኞቹ ይከፈላቸው፤ «ለአገር ነው፣ በነጻ ይሁን» የሚለውን ነገር አልወደውም። መሐንዲስ በነጻ አይሠራም። የተማሪ መግቢያ ነጻ ይሁን፤ እኛ ተመራቂዎች እንከፍላለን። ከመካከላችን ሆቴል ያላችሁ አልጋ ስጡ። ኮንትራክተር የሆናችሁ መኪና ስጡ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ በምትኖሩበት ከተማ ይህን ሙዚቃ የሚጫወቱ የአገራችን ልጆች ካሉ አገናኙን።

«ሰው ይመጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ሠላሳ ሰው ሊመጣ ይችላል። ይምጣ። ይህ ሙዚቃ ስታዲየም አይፈልግም። «ፉር አሊና» በሠላሳ ሰው ፊት ቢቀርብ አይጎድልበትም። በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተጀመረው ቤታችን እዚህ የደረሰው በአንድ ዓመት አይደለም። በዓሉም ጊዜ ይፈልጋል። ግን በየዓመቱ፣ በዚያው ሳምንት፣ ሳይቀር መካሄድ አለበት። አንድ ጊዜ በድምቀት ተደርጎ የሚጠፋ ነገር አይበቃንም?

ጉባኤው ከሻይ በኋላ ሲቀጥል ሐሳቡ ለውሳኔ ይቀርባል። የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። አንድ፣ ከመምህራንም ከተመራቂዎችም የተውጣጣ አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ይሰየም። ሁለት፣ ከማኅበሩ ገንዘብ የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ይመደብ። ሦስት፣ ዩኒቨርሲቲው ቀኑን በአካዳሚክ ካሌንደሩ ላይ ያስገባልን፤ ከፈተና ሳምንት ጋር እንዳይጋጭ። የተቃወመኝም ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል፤ ብቻ ከመቃወሙ በፊት ዛሬ ማታ የእማሆይን አንድ ድርሰት፣ መብራት አጥፍቶ፣ ስልኩን አስቀምጦ፣ እስከ መጨረሻው ይስማ። ስድስት ደቂቃ አይፈጅም።

 አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ እኔ አዳምጣለሁ።